ከድር የተወልኝ ወረቀት

ባለፈው የግንቦት ልደታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ሥራዬ ስሄድ፣ አስፋልቱ ዳር አንድ ጎልማሳ የፕላስቲክ ሽክርክሪት ሲሸጥ አየሁ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ብርማው ሁሉ ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ ያብለጨልጫል። ነፋስ መጣና ሁሉም በአንዴ ዞሩ። እግሬን የያዘው መልካቸው አይደለም፣ ድምፃቸው ነው። ፕላስቲክ ሲዞር ይንቋቋል። ወረቀት ግን ሲዞር ሰው ጆሮዬ ሥር ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ያህል ነው የሚሰማኝ። ሰውዬው "እህቴ፣ ለልጅሽ አንድ ልስጥሽ?" አለኝ። ልጅ የለኝም ለማለት አፍሬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ግን ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ። እንደዚያ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ አንድ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ ነሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የባነንኩት።

የምሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። እናቶቻቸው ቢሮ የሚውሉ ልጆችን እንጠብቃለን። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ፊደልና ቁጥር የሚያስተምሩት ሌሎች ናቸው። እኔ አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ አስተኛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጫውታለሁ። በመስኮቱ ሳይ፣ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት ሜዳ የድሮው ግቢያችን የነበረበት ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ሰፈሩ ሲፈርስ ምልክት የሚሆን ነገር አልተረፈም። አንዳንድ ቀን የውሃ ቦኖው እዚያ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የለም፣ ከፎቁ ሥር ነው የቀረው እላለሁ። መንገዱም አቅጣጫውን ስለቀየረ ፀሐይዋ ራሷ በሌላ በኩል የምትወጣ ይመስለኛል።

ያኔ ግቢያችን በቆርቆሮ አጥር የተከበበ፣ ጭቃ ቤቶች ፊት ለፊት የተያዩበት ነበር። ማድ ቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦም የጋራ ነበር። ታክሲ በሳንቲም የሚኬድበት ዘመን ነው፤ ሳምቡሳ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ማስቲካ አምስት ሳንቲም። ሴት ልጅ ከተክለ ሃይማኖት የተገዛ የልባሽ ሹራብ ካላት በዓል ነው። እኔም ሐምራዊ ሹራብ ነበረኝ፤ እጅጌው ስለረዘመብኝ አጥፌ ነበር የምለብሰው። ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መታጠፊያ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፣ በሩ ላይ ትልቅ ስፒከር አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ትዝታ ያጫውት ነበር። ካሴቱ አንዳንዴ ይጎትትና የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮ እንደታመመ ሰው ይሆናል። ባለቤቱ አውጥቶ በእስክሪቢቶ እስኪያጠነጥነው ድረስ መንገደኛው ሁሉ ፈገግ ይላል። ዘፈኖቹን ዛሬም ታክሲ ውስጥ እሰማቸዋለሁ። ያ የሚወፍረው ቦታ ሲደርስ እጠብቃለሁ፣ ግን አሁን ሁሉም አጥርቶ ነው የሚዘፍነው።

ከድርን የማስታውሰው ከዚያ መታጠፊያ ሲመጣ ነው። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው፣ አንድ ልጃቸው። እትዬ ዘይነባ ከወሎ የመጡ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት ጉልት ላይ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። እሳቸው ካለፉ በኋላ መንገዱ ለትንሽ ጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ከድር ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ። ከማሽኑ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ በክር አስሮ፣ ብብቱ ሥር አድርጎ ይመጣል። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ሎሚማ ቢጫ፣ ሁሉም ጠርዙ ምላጭ የሆነ። የግቢው ልጆች ከሩቅ ሲያዩት "ከድር መጣ፣ ወረቀት መጣ" እያሉ ይሮጣሉ። እሱ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሽክርክሪት ይሠራላቸዋል። የጃኬቱ እጅጌ ላይ ሁልጊዜ የማተሚያ ቀለም ነበር፤ እናቱ ቢያጥቡት ቢያጥቡት አይለቅም። እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

እኔ ያኔ ከአክስቴ ጋር ነበር የምኖረው። ትምህርቴን ያቆምኩት እሷ ስትታመም ነው። ከሰው ጋር ማውራት አልችልም ነበር፣ ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም። ሰው ሲያናግረኝ ምላሴ ይታሰራል። ከድር አንድ ቀን ልጆቹን ከበሩ ጥግ ሆኜ ሳይ አየኝና "ጥሩወርቅ፣ ነይ ያዥልኝ" አለኝ። ምን እንደምይዝ ሳላውቅ ሄድኩ። አራት ማዕዘኑን ወረቀት ሰጠኝ። ከጥግ ጥግ ታጥፊዋለሽ፣ ትዘረጊዋለሽ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ታጥፊዋለሽ። እጥፋቱን ተከትለሽ ትቆርጫለሽ፣ ግን መሃሉ ጋ ሳትደርሺ ታቆሚያለሽ። "እዚህ ጋ ነው ሁሉም የሚያበላሸው" አለኝ። "እስከ መሃል ከቆረጥሽው የሚይዘው ነገር አይኖርም።" ከዚያ አንዱን ጫፍ እየዘለልሽ ወደ መሃል ታመጫለሽ፣ በስፒል ትወጊዋለሽ። የሱ ብልሃት ከዚህ በኋላ ነበር። ያለቀ እስክሪቢቶ ቀፎ በምላጭ ቆርጦ ቀለበት የሚያህል ነገር ያወጣል፣ ያንን በወረቀቱና መያዣ በሚሆነው ሸንበቆ መሃል ያስገባል። ወረቀቱ እንጨቱን ስለማይነካው ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። የሌላ ሰፈር ልጆች ሽክርክሪት ሮጠው ነው የሚያዞሩት። የኛ ግን ቁጭ ብለን ይዞር ነበር።

ከዚያ በኋላ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አጥፋለሁ። አያወራኝም ማለት ይቻላል። ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው፣ እንድናገር አልጠበቀም። አንድ ቀን ብቻ "እጅሽ ከማሽኑ ይሻላል" አለኝ። ያንን ቃል ስንት ክረምት ይዤው እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም። እትዬ ዘይነባ ግን ከጉልት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሲያዩን ቅርጫታቸውን ቀስ ብለው አውርደው፣ እንዳይረብሹን በጓሮ በኩል ይገቡ ነበር። ያኔ ድካም ነው የመሰለኝ።

ከድር የሄደው የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በሱዳን በኩል መሄድ በጀመሩበት ጊዜ ነው። "እናቴን ከጉልት አነሳለሁ" ይል ነበር። ማለዳ ነበር የወጣው። ከመውጣቱ በፊት የብስኩት ካርቶን ሙሉ ወረቀት አምጥቶ በራችን ላይ አስቀመጠ። "እስክመጣ ይበቃሻል" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከካርቶኑ አንድም ወረቀት አላወጣሁም። ለልጆቹ በካሬ ደብተር ወረቀት እሠራላቸው ጀመር፣ የሱን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ሲመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አብረን እንድንቆርጠው ነበር ሐሳቤ።

አሁን ስለ እትዬ ዘይነባ ባል መናገር አለብኝ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ደሴ መንገድ ላይ ሲሞቱ ወሬው ከቤተሰቡ ቀድሞ ሰፈር ገባ። እትዬ ዘይነባ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በተክለ ሃይማኖት ሲያልፉ አንድ የማያውቁት ሰው ባርኔጣውን አውልቆ "አላህ ያጽናሽ" አላቸው። እሳቸውም "በምን?" አሉት። እዚያው ነው የወደቁት። በርበሬው መንገዱ ላይ ተደፋ፣ ራሳቸው ድንጋይ ነካው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከሐዘኑ ሲወጡ የግቢውን ሴቶች ሰብስበው ቃል አስገቧቸው። "ሌላ መርዶ ካለብኝ ወንድሜ ይመር መጥቶ፣ እጄን ይዞ፣ ቤቴ ውስጥ ይንገረኝ። እንደ ውሻ መንገድ ላይ አልመታ።" ይህንን የማያውቅ የግቢያችን ሰው አልነበረም።

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነበር። እትዬ በላይነሽ ማድ ቤት ጀርባ ጠሩኝ። እትዬ በላይነሽ የግቢው አዛዥ ናቸው። እድሩንም፣ የቦኖውን ወረፋም፣ የልጆቹን ጠብም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ዙሪያውን አዩ።

"ጥሩወርቅ፣ አንቺ ወሬ አታወጪም አይደል?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሱቅ ተደውሎ ነበር፤ ከሱዳን፣ አብሮት የወጣው ልጅ። ከድር በረሃ ላይ ቀረ። ውሃ አልቆባቸው ነው አሉ። ቀብረውታል።"

የማስታውሰው ከጀርባቸው ያለውን ግድግዳ ነው። ጭቃው ተልጦ ጭዱ ወጥቶ ነበር፣ አንዷ ጭድ በነፋስ ትንቀሳቀስ ነበር።

"ይመር ነገ ማታ ከኮምቦልቻ ይገባል" አሉ። "እኔ ቤት ያድራል፣ ከነገ ወዲያ ማለዳ ይነግራታል። እስከዚያ እሷ ጆሮ እንዳይደርስ። ያ አፈ ጮሌ ቢኒ ከረሜላ ሊገዛ ሱቅ ቆሞ ሰምቷል፤ እሱ ሰማ ማለት ልጆቹ በሙሉ ሰሙ ማለት ነው። ነገ በዓል ነው፣ ከግቢ አይወጡም። ያዢልኝ። አፋቸውን የሚይዝ ነገር ስሪላቸው፣ ያንን የሚዞረውን። እሺ?"

"እሺ" አልኩ።

"ጎበዝ። ፊትሽን ታጠቢ" ብለውኝ ሄዱ።

ለምን እኔን እንደመረጡኝ ገብቶኛል። የማትናገር ልጅ ምስጢር አይከብዳትም ብለው ነው። በዚያ አልተቀየምኳቸውም። ማንም ሰው ከኔና ከከድር መሃል ምንም ነገር አለ ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር፣ እኔም ራሴ እንደዚያ ብዬ ለራሴ ነግሬው አላውቅም። ፊቴን ታጠብኩ። ሄጄ ስንዴ ለቀማው ላይ ተቀመጥኩ።

የግንቦት ልደታ በሰፈራችን ንፍሮ ከቤት ውጭ ተቀቅሎ፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ተቀምጦ የሚበላበት ቀን ነው። አንዱ ባቄላ ያዋጣል፣ ሌላው ሽምብራ። እትዬ ዘይነባ እስላም ናቸው፣ ግን ስንዴው ሁልጊዜ ከሳቸው ቤት ነበር የሚወጣው። "የሰፈሩ ነው፣ የማን ነው ታዲያ" ይላሉ። ዘንድሮ ንፍሮው ቢቀር እሳቸው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ መቀቀል ነበረበት። በዚያ ዋዜማ ከእትዬ ዘይነባ ጋር በአንድ ሰፌድ ላይ ስንዴ ለቀምን። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ጠጠሯን ከስንዴው ይለያል።

"ፊትሽ ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ጉንፋን ነው።"

"አብሽሪ። ነገ ዝንጅብል አፈላልሻለሁ።" አንዲት ጠጠር ለይተው ጣሉና "ከድርም ግንቦት ላይ ነው ጉንፋን የሚይዘው" አሉ።

በማግስቱ ልጆቹን ደረጃው ላይ ሰበሰብኳቸው። እንደወትሮው አልነበሩም። አያንጫጩም፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ሃያ ጊዜ የሚያለቅሰው ሚኪ እንኳ ዝም ብሏል። የደብተር ወረቀቱን አከፋፈልኩ። ቢኒ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም። የሠራሁለትን እፍ አለበትና ፊቱን አኮሳተረ።

"ይሄ ይጎብጣል። ያኛውን አምጪ፣ የከድርን።"

ስሙ ሲጠራ ልጆቹ ሁሉ ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። እሳቸው ከድስቱ አጠገብ ሆነው እሳት ይቆሰቁሳሉ። አልሰሙም። ሃያት የምትባለው ትልቋ ልጅ ቢኒን በክርኗ ጎሰመችው። እኔ ሌላ ነገር ቢናገር ብዬ ፈራሁ። ተነስቼ ቤት ገባሁ፣ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ሳብኩ። ስከፍተው የማተሚያ ቤቱ ሽታ ወጣ። ጃኬቱ ውስጥ ፊቴን የከተትኩ ያህል ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ትንሽ ቆየሁ። ካለቀስኩ ዓይኔ ይቀላል፣ ዓይኔ ከቀላ ይታወቃል። ካርቶኑን ይዤ ወጣሁ።

ለልጆቹ ጨዋታ አወጣሁላቸው። ሁሉም ሽክርክሪቱን ይይዛል፣ እየነፋ ያዞራል፣ እየዞረ ሳለ የተናገረ ይሸነፋል። የሚነፋ አፍ አያወራም። ሰማያዊውን ቆረጥኩ፣ ሮዙን ቆረጥኩ። ቀፎውን እንደሱ በምላጭ ቆርጬ ቀለበት አወጣሁ። ልጆቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲነፉ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣ ነበር፣ እሱም ያስፈራኝ ነበር፤ ከሳቄ ኋላ ሌላው እንዳይከተል። አንዱ ሲሰለቸው አዲስ ቀለም እሰጠዋለሁ። ካርቶኑ እየጎደለ ሲሄድ አየሁት። መሃሉ ጋ ሳትደርሺ አቁሚ፣ እላለሁ በልቤ፣ መቀሱን በያዝኩ ቁጥር።

ንፍሮው ሊወርድ ሲል የአጥሩ በር ተንኳኳ። አንድ ባለጋሪ ድንኳንና የእንጨት አግዳሚ ጭኖ አንገቱን አስገባ።

"ለቅሶ ቤቱ ይሄ ነው?"

የእድሩ ንብረት ጠባቂ ቀኑን ተሳስቶ ነበር። ለነገ የታዘዘውን ዛሬ ላከው። ማንኪያ የያዙት ሁሉ እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ዘይነባ ከእሳቱ ቀና አሉ። እትዬ በላይነሽ እንኳ ቃል ጠፋቸው፣ ያን ቀን ብቻ ነው እንደዚያ ያየኋቸው። ቢኒ ነው ሽክርክሪቱን ከአፉ ያወረደው።

"የምን ለቅሶ?" አለ። "ልደታ ነው እኮ። ዝናብ እንዳይመታን ነው ድንኳኑ።"

"ለንፍሮ ድንኳን?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

እትዬ በላይነሽ ነፍስ ዘሩ። "አዎ፣ አምና ዘንቦ ውሃ የሆነ ንፍሮ አልበላንም? ዘንድሮ እድሩን ለመንን። አንተ ደግሞ ምን ታፈጣለህ፣ አውርደው እንጂ።"

"እኔ እኮ የተነገረኝ…"

"የተነገረህን ተወው፤ እዚያ ጥግ አድርገው። ና ደግሞ ንፍሮ ዝገን።"

"እንግዲህ ዘንድሮ ሀብታም ሆነናላ" ብለው እትዬ ዘይነባ ሳቁ። ሁሉም ሳቁ፣ ከሚገባው በላይ ሳቁ። ሃያት "ቢኒ ተሸነፈ፣ አውርቷል" አለች። እትዬ በላይነሽ ለተሸናፊው ሙሉ ጭልፋ ንፍሮ አወጡለት። እሱም እየበላ ወደኔ አየና፣ ትክክል ነኝ አይደል የሚል ፊት አሳየኝ። ያንን ልጅ ያኔ አቅፌው ቢሆን ኖሮ እላለሁ ዛሬ።

ከዚያ እትዬ ዘይነባ ንፍሯቸውን በሳህን ይዘው መጥተው ከልጆቹ መሃል ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከድር የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ከተሠሩት አንዱን ሰማያዊ አነሱና በግራ እጃቸው ያዙት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ያለ ነፋስ ትንሽ ትንሽ ይዞር ነበር። ልጆቹ መንፋታቸውን ተዉ።

"ይሄ የከድር ወረቀት አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ታስቀምጪው አልነበር? አንድም ቀን ስትቆርጪው አላየሁሽም።"

ግቢው ሁሉ የሚሰማ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ለመናገር ተገድጄ አላውቅም። ዝም ብል ዝምታዬ ይናገራል። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ የምቆርጠውን ወረቀት እያየሁ "ልጆቹ የደብተሩን ጠሉት። ከድር ሲመጣ ሌላ ያመጣል" አልኩ።

"ያመጣል" አሉ። "ኢንሻአላህ ያመጣል።" ሽክርክሪቱን አንዴ እፍ አሉበትና ሲዞር አዩት። "አንቺ ደግሞ ብዪ እንጂ። ንፍሮ አፍሽ ውስጥ ሲገባ አላየሁም።"

በማግስቱ ማለዳ፣ የሱብሂ ሰላት እንዳበቃ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በእትዬ በላይነሽ በር ላይ ተሰበሰቡ። ጋሽ ይመር ከመሃላቸው ወጡ። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የእህታቸውን በር አንኳኩ። እኔ ልጆቹን ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ። በሩ ሲከፈት እትዬ ዘይነባ ወንድማቸውን አዩ፣ ከኋላ ያሉትን ሴቶች አዩ፣ አንድም ቃል ሳይነገራቸው ተቀመጡ። ጋሽ ይመር ያንን የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። በቃላቸው መሠረት ተነገራቸው፤ ቤታቸው ውስጥ፣ በወንድማቸው አፍ። መንገድ ላይ አልወደቁም። ጩኸቱ ግን ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላም ያው ጩኸት ነው። ሃያት ጆሮዋን ያዘች። ቢኒ ቀሚሴ ውስጥ ገባ።

ሴቶቹ ከበቧቸው። ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ለመተንፈስ ያህል ሲቆም የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፣ ደክሞ፣ ግን ጥርት ብሎ።

"ጥሩወርቅስ? ለሷ ማን ነገራት?"

ሴቶቹ ወደ እትዬ በላይነሽ ዞሩ።

"በላይነሽ፣ አንቺን እኮ ነው። ለጥሩወርቅ ማን ነገራት? ማን ይዟት ነው የነገራት?"

"እኔ… እንዲያው ልጆቹን እንድትይዝ ብዬ…" አሉ እትዬ በላይነሽ፣ እና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ጥሩልኝ።"

ሴቶቹ መንገድ ከፈቱልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መግባት ለኔ ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። እትዬ ዘይነባ አጠገባቸው ምንጣፉን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። ተቀመጥኩ። ወንድማቸው የያዙትን እጅ አስለቅቀው የኔን እጅ ያዙ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የኔም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ፊቴን ወደ ፊታቸው አዞሩት፣ ልክ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቆጥረውኝ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

"ልጄ" አሉኝ። "ከድር ሞተብሽ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከዋዜማው ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ወጣ። ያ ድምፅ ከኔ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እትዬ ዘይነባ ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ የራሳቸውን ትተው እኔን አባበሉኝ። ደረታቸው ኮረሪማ ይሸታል።

ድንኳኑ ጥግ ከተቀመጠበት ተነስቶ ተተከለ። ከልደታ የተረፈው ንፍሮ በዚያው ድስት ሞቆ ለለቅሶ ቀረበ፤ የበዓሉና የሐዘኑ አንድ ዓይነት ምግብ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ሽክርክሪቶቻቸውን በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች ላይ ሰክተዋቸው ነበር፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። አንድ የእድሩ ሽማግሌ "ይሄ ለለቅሶ ቤት አይሆንም፣ ንቀሉት" አሉ። እትዬ ዘይነባ ከውስጥ ሆነው "ተዉዋቸው፣ የልጄ ናቸው" አሉ። ሐዘንተኛው በአጠገባቸው ሲገባና ሲወጣ ሲዞሩ ከረሙ። በኋላ ዝናብ መጣና ወረቀቱ ረጥቦ ተንጠለጠለ፣ ቀለሙ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ግቢው እስኪፈርስ ድረስ ሰማያዊው መስመር አጥሩ ላይ ነበር።

ሰፈሩ ሲነሳ እያንዳንዱ በደረሰው በኩል ተበተነ። እትዬ በላይነሽ ጀሞ ደረሳቸው። ቢኒን አንድ ቀን ሰንጋ ተራ አካባቢ አየሁት መሰለኝ፣ ክራባት ያሰረ ረጅም ወጣት፤ ለመጥራት ስዘጋጅ አለፈ። እትዬ ዘይነባ ወንድማቸው ጋር ኮምቦልቻ ሄዱ። ሲሄዱ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። በመስኮቱ በኩል ራሴን ዳሰሱኝና "አግቢ እሺ፣ በሱ የተነሳ እንዳትቀሪ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። የነገረኝ ሰው መንገድ ላይ ነው የነገረኝ፣ እንደዋዛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን።

በማቆያው ለልጆቹ ሽክርክሪት የምሠራው ዛሬም እንደሱ ነው፣ የእስክሪቢቶ ቀፎ ቆርጬ፣ መሃሉ ጋ ሳልደርስ አቁሜ። የምጠቀመው የቢሮ ወረቀት ነው፣ ነጭ። ልጆቹ ራሳቸው በከለር ይቀቡታል። አዲስ የመጣች አስተማሪ ባለፈው ሳምንት በሩን ከፍታ "ጥሩወርቅ፣ ለምንድነው ያንቺ ልጆች ብቻ እንዲህ የሚጮሁት? እየነፉ ዝም እንዲሉ ጨዋታ አድርጊላቸው እንጂ" አለችኝ። ለሷ ያለችው ነገር ጥሩ ሐሳብ ነበር። እሺ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞርኩና መስኮቱን ከፈትኩት፣ ነፋሱ እንዲያዞርላቸው፣ አፋቸው ነፃ እንዲሆን።